ዋልያው በጠርሙስ ላይ ቀረ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዋልያን በዓይናችሁ በብረቱ ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በቢራ ጠርሙስ ላይ አይታችሁታል። በብሔራዊ ቡድናችን ስም ጨፍራችሁለታል። ከስሜን ተራሮች ገደል በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው እንስሳ እዚያው ገደሉ ላይ እያለቀ መሆኑን ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው!

ፓርኩ በንጉሡ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1969 ተከለለ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር ከመካከላቸው ነበር። በ1996 ግን «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። እርሻው ሽቅብ ወጣ፣ ከብቱ በዛ፣ መንገድ በፓርኩ መሀል ተቀደደ። በ2017 ከአደጋው መዝገብ ሲወጣ ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ይገባ ነበር፤ የዋልያው ቁጥር ከስምንት መቶ አልፎ ነበርና። ክፋቱ ጭብጨባው ሲያበቃ ሥራውም አብሮ ማብቃቱ ነው።

ማስረጃ አምጣ ለምትሉኝ እነሆ። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጓሳውና አስታው ሲነድ ያገሬው ሰው በቅጠልና በአፈር ነበር የታገለው። ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ እሳት አጥፊው ከእስራኤል መጣልን። ለመጡት ምስጋና ይድረሳቸው። ግን ጎበዝ፣ ተራራው ከነደደ በኋላ ጎረቤት መለመን ጥበቃ ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ውጊያው ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደረሰ። በ2015 ማለቂያ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሳ። ቱሪስቱ ቀረ፣ ከቱሪስት የሚያድረው አስጎብኚና ባለበቅሎ ባዶ እጁን ቀረ። ጠመንጃ በበዛበትና ሰው በተራበበት ተራራ ላይ ዋልያ ሥጋ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በተደረገ ቆጠራ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ።

ይህን ስናነሳ ሹሞቹ ጣታቸውን ወደ ገበሬው ይቀስራሉ። እውነት ነው፣ የጊጭ ሜዳ በከብት ተግጦ ነበር። የመንደሩ ውሻም እብደት በሽታ ያስተላልፍበታልና ለቀይ ቀበሮው ጠላት ነው። አልክድም። ግን የጊጭ ሰው፣ ከአራት መቶ በላይ አባወራ፣ በፈረንጆቹ 2016 ተነስቶ ወደ ደባርቅ ወርዶ የለም እንዴ? የሱን ድርሻ ከፍሏል። ከነሱ አንዱን አዛውንት ደባርቅ አገኘኋቸውና፣ «አባባ፣ ከተማ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚያ ገብስ ነበረኝ፤ እዚህ ብር ሰጡኝ። ገብስ በየዓመቱ ይመለሳል። ብር አይበቅልም» አሉኝ።

ይህን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግሥቱም ስብሰባ። በሦስተኛው ቀን መስክ ወጥተዋል! ግድግዳው ላይ ግን የዋልያ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባለ ትልቅ ቀንድ፣ ባለ ጥሩ ፍሬም።

እኔ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። ቆጠራው በየዓመቱ ይካሄድ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች ይከተቡ። እሳት ሳይነሳ የእሳት መሣሪያ ይገዛ። ስካውቱ ደመወዙን በወቅቱ ያግኝ፤ በረሃብ አንጀቱ ሌሊት ገደል ለገደል የሚዞር ማን አለ? ከጊጭ የተነሳው ሰው ደግሞ የሚታረስ ወይም የሚሠራ ነገር ይሰጠው። ጎረቤቱን ጠላት ያደረገ ፓርክ ሺህ ዘበኛ ቢቆምለት አይጠበቅምና።

ሁሉም ወገን ለዚህች አገር እሞታለሁ ይላል። ዋልያውን ለማዳን ግን መሞት አያስፈልግም፤ መሥራት ይበቃል። ያ ካልሆነ ልጆቻችን «ዋልያ ምንድነው?» ሲሉን የምናሳያቸው ባዶ ጠርሙስ ብቻ ይሆናል።