«ባልመጣ» ወይስ «ባል መጣ»?

የዛሬው ደብዳቤ ከወደ ሀብሩ የመጣ ነው። ጠያቂያችን የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሜ እንዳይወጣ አደራ ብሏል፤ ባይልም አናወጣውም። ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ለጥር ቀን ተቆርጦለታል። ጌሾው ተገዝቶ፣ ካርዱ ታትሞ ሳለ አብሮ አደግ ጓደኛው አንድ ራፕ ሠርቶ በስልክ ለቀቀው። ሰፈሩ በሙሉ አዳመጠ። የኛ ሰው ግን ሁለት ስንኝ ላይ ሲደርስ «ደሜ ፈላ» ይላል። «ሚዜዬ ሊሆን የነበረ ሰው እጮኛዬን በዘፈን ሰደበብኝ። ሠርጉን ላፍርሰው? ወይስ እሱን ልፈልገው?»

«እሱን ልፈልገው» የምትለዋ አላማረችኝም። በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነች እናውቃታለን። ስለዚህ ሌላውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ጎን ብዬ ይችን አስቀደምኩ።

ግጥሙን እንዳለ ባወጣው ሁለቱም ይታወቃሉ። ስለዚህ ነገሩን ያመጣችውን ቃል ብቻ ይዤ ስንኙን ራሴ ቀይሬዋለሁ፦

መርሳ ደርሼ ነበር፣ ባልመጣ ይሻላል፣
የብርቱካን ማሳ ባለቤት አግኝቷል።

ሰሙ ግልጽ ነው። ሰውየው መርሳ ድረስ ሄዶ ነበር፤ «ካሁን በኋላ ባልመጣ ይሻላል» አለ፤ ማሳው ባለቤት አለውና። ጠያቂያችን የሰማው ግን ሌላ ነው። «ባልመጣ»ን ለሁለት ሰነጠቃት፦ «ባል መጣ!» «ባለቤት»ንም የእርሻ ሳይሆን የትዳር አደረጋት። እጮኛው ደግሞ የመርሳ ልጅ ናት። አለቀ! በሱ ቤት ክሱ ተሟልቷል።

እስቲ ቀስ እንበል። ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ እንግዲህ የሚይዘው ሰሙ የነበረበትን ቦታ በሙሉ ነው እንጂ አንዱን ጥግ ብቻ አይደለም። ከወልድያ ሽቅብ ወጥተን የምናገኘው የዋድላ አገር በቅኔ ቤቱ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የሚጠራ ነው። እዚያ የሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና እንኳ ወርቋ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አለባት። አንድ ቃል ብቻ ሰንጥቆ «አገኘሁ» ማለት ቅኔ መፍታት አይባልም፤ ነገር መፈለግ ነው። (ወረዳችን ሀብሩ፣ ሁለት ፍች ያለው ቃል ደግሞ ኅብር! መገጣጠሙ ሁልጊዜ ያስቀኛል።)

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ወንድምዓለም። ግጥሙን የላክልኝ በጽሑፍ ነው። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ባልመጣ» ሲሆን «ጣ» ትላላለች፤ «ባል መጣ» ሲሆን ትጠብቃለች። ወረቀት ላይ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ጆሮ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ ድምፁን አስልኬ አዳመጥኩት። ልጁ አላልቶ ነው የሚላት። ይህ ብቻውን ነጻ አያወጣውም፤ ብልህ ገጣሚ አላልቶ ተናግሮ ማጥበቁን ለሰሚው ይተዋል። ራፕ ላይ ደግሞ ከበሮው እየተቻኮለ ሲመታ ቃልና ቃል ስለሚጣበቁ መሰንጠቂያው ይበዛል። ያዝማሪው ማሲንቆ ላይም ቢሆን ያው ነው።

እሺ፣ ያንተን ወርቅ እንዳለ ልቀበልልህ። «ባል መጣ፤ ይሻላል። ባለቤት አግኝታለች።» ታዲያ ስድቡ የቱ ጋ ነው? ባል መጣ ብሎ የተመለሰ ሰው እኮ ነው የተዘፈነው! በልቻለሁ አላለም፣ ገብቻለሁ አላለም። ደረስኩ፣ አየሁ፣ ተመለስኩ ነው ያለው። እኔ ብሆን ለእንዲህ ያለ ሚዜ ቡና አፈላለታለሁ።

ለኔ ግን ትልቁ ኅብር አንተ የዘለልከው ነው። «መርሳ»! አንተ ከተማዋን ብቻ አየህ። «መርሳ ደርሼ ነበር» ማለት «መርሳቱ ላይ ደርሼ ነበር»ም ይሆናል። ረስቻት ነበር፣ ባልመለስበት ይሻላል ማለት ነው። ይሄኛው ወርቅ ሁለቱንም ስንኝ ይሞላል። እንዲህ ከሆነ ልጁ ድሮ አንዲትን ሴት ወዶ ነበር፤ ያንተዋ ትሁን ሌላ አላውቅም። ብርቱካን ብሎ መርሳ ላይ ሰው መጠርጠር ደግሞ ከባድ ነው፤ የመርሳ ብርቱካን ያልበላ ማን አለ? ወልድያ ገበያ ላይ ብርቱካን የያዘች ሴት ሁሉ እጮኛህ ልትሆን ነው?

ግጥም በሰው ላይ ማስረጃ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ታሪክም ነግሮናል። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች አዝማሪዎችን እያደኑ ገድለዋል፤ ዘፈናቸውን ፈርተው። በቅርቡ ደግሞ በአሜሪካ ኬንድሪክ ላማርና ድሬክ የተባሉት ራፐሮች በ2024 እ.ኤ.አ. በግጥም ሲሞላለጩ ዓለም ሁሉ ቃል ሲሰነጥቅ ከረመ። የኬንድሪክ «ኖት ላይክ አስ» በ2025 እ.ኤ.አ. አምስት ግራሚ ወሰደ። ድሬክ ዘፈኑን ባሳተመው ኩባንያ ላይ የስም ማጥፋት ክስ መሠረተ። ዳኛዋ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ክሱን ዘጉት፤ በራፕ ፍልሚያ መሐል የተባለን ነገር አስተዋይ ሰሚ እንደ ተረጋገጠ እውነት አይወስደውም ብለው። ያ ዘፈን በግልጽ ስም እየጠራ የሚዘልፍ ነበር እኮ! ያንተው ግን ስም እንኳ የለበትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጓደኛህን በስልክ አትጠይቀው፤ በስልክ የተባለም እንደ ግጥም ይሰነጠቃል። ሰው አስከትለህም አትሂድ። አረቄ ሳትቀምስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻህን ሂድና «መርሳ ያልከው ከተማዋን ነው ወይስ መርሳቱን?» በለው። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነ ይስቃል፣ ወይም አንገቱን ይደፋል። ከደፋ «ከኔ በፊት ነው?» ብለህ ጨምርለት። «አዎ» ካለህ ያለፈ ነው፤ ያለፈውን ደግሞ ግጥሙ ራሱ «ባልመጣ ይሻላል» ብሎታል። «ካንተም በኋላ» ካለህ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ያኔ ጻፍልኝ። ግን ይህን የሚነግርህ አፉ ነው እንጂ ዘፈኑ አይደለም።

አንድ ነገር ይቅርታ አድርግልኝና ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ሦስት ገጽ ነው። ስለ ጓደኛህ አለ፣ ስለ ሠርጉ ወጪ አለ፣ መንደሩ ምን እንዳለ አለ። እሷ ዘፈኑን ሰምታው ምን እንዳለች ግን አንድ መስመር የለም። ሰምታዋለች? አሰምተሃታል? ካላሰማሃት ከጓደኛህ ቤት ስትመለስ በእናቷ ደጅ እለፍና አብራችሁ አድምጡት። እሷም የመርሳ ልጅ ናት፤ ምናልባት ከኔም ካንተም የተሻለ ትፈታው ይሆናል።

ለሳምንት ከግራና የተጻፈች አንዲት የምራትና የአማት ደብዳቤ ይዤላችሁ እመጣለሁ። ቸር እንሰንብት!