ሳጥኑ ላይ ያለው ስም የማን ነው?



ወጣቶቻችን ንግድ ላይ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። አንዷ ዐባያ ሰፍታ በቴሌግራም ትሸጣለች፣ ሌላው ሽቶ በትናንሽ ብልቃጥ ያከፋፍላል፣ ማር የሚያሽግም አለ። ሁሉም ሎጎ አለው። ለሎጎው ተከፍሏል፣ ለሳጥኑ ማተሚያ ቤት ተከፍሏል፣ ለማስታወቂያው ቲክቶከር ተከፍሏል። "ስሙንስ አስመዘገባችሁት?" ስትሏቸው መልሱ አንድ ነው፦ "ንግድ ፈቃድ አለኝ እኮ!"

ንግድ ፈቃድ ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ። ፈቃዳችሁ ላይ ያለው የንግድ ስም ድርጅታችሁ የሚጠራበት ነው። ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ምልክት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። "እኔ ነኝ የጀመርኩት" ማለት ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

ወጪ የለውም ብዬ አላታልላችሁም። ማመልከቻ ሲገባ ይከፈላል። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ የሚወጣው ማስታወቂያም በአመልካቹ ወጪ ነው። ምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ ይከፈላል። ወኪል ከያዛችሁ የእሱ ዋጋ ይጨመራል (አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም)። ኪስ የሚጎዳው ግን ምድብ ነው። ዕቃና አገልግሎት በ45 ምድቦች ተከፍሏል፦ ሽቶ 3ኛ፣ ልብስ 25ኛ፣ ማርና ቡና 30ኛ፣ ምግብ ቤት 43ኛ። ሽቶ ሻጩ "ወደፊት ካፌም እከፍታለሁ" ብሎ አራቱንም ቢሞላ ክፍያው ይቆለላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልተጠቀመበትን ደግሞ ሌላ ሰው ሊያሰርዝበት ይችላል። ዛሬ የምትሸጡትን አስመዝግቡ፤ ይበቃል።

"ንጹህ ማር" ወይም "ምርጥ ዐባያ" ብላችሁ አትድከሙ፤ የዕቃውን ዓይነትና ጥራት ብቻ የሚናገር ስም አይመዘገብም። በጀቱ ለአንድ ብቻ ከበቃ ደግሞ ከሎጎው በፊት ስሙን በፊደል አስመዝግቡ። ሎጎ በየሁለት ዓመቱ ስትቀያይሩ እያየን ነው፤ አዲሱ ሎጎ አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል።

ምዝገባው የሚቆየው 7 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ። ከዚያ ለማደስ እንደገና ይከፈላል። ምስክር ወረቀቱን ፍሬም አድርጎ ሰቅሎ የማደሻውን ቀን የሚረሳ ነጋዴ ያሳዝነኛል።

ጅዳና ዱባይ ላሉ ዘመዶቻችሁ የምትልኩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የአገር ቤት ምዝገባ ድንበር አይሻገርም። ኢትዮጵያ ራሷ የሐረርን፣ የሲዳማንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ድረስ ሄዳ ማመልከት ነበረባት። የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተስማሙት በ2007 ነው።

"ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፣ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን?" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በሱረቱል በቀራ ያለችው የቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኗን አንርሳ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የንግድ ስምና የንግድ ምልክት የገንዘብ ዋጋ ያላቸው የባለቤቶቻቸው መብቶች መሆናቸውን፣ እነሱን መድፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። የታወቀ ሽቶ ስም ገልብጦ ብልቃጥ ላይ የሚለጥፈውም ይህን ይስማ።

ሐቅ ከሆነ ዘንድ ይወረሳል። የኔ ፍርሃት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጓደኛሞች እኩል ገንዘብ አዋጥተው ይጀምራሉ፣ ምልክቱ ግን ቢሮ በሄደው በአንዱ ስም ብቻ ይመዘገባል። እሱ ቢሞት ወረቀቱን የሚይዙት ልጆቹ ናቸው፤ የሌላው ድርሻ ተጽፎ ካልተቀመጠ በምን ያስረዳል? ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በሁለታችሁ ስም ወይም በማኅበራችሁ ስም እንዲሆን ከሸሪካችሁ ጋር ተነጋገሩ። የገባም ከሆነ የድርሻ ውላችሁን ጽፋችሁ በምስክር ፊት ተፈራረሙ።