ምንቃር፦ የጉርሻ ዕቃ ወይስ የሙቀት መውጫ?

በሰሜን ተራሮች ደጋ ከብት በዋለበት መስክ ላይ ቁራ እበት ሲበትን ያየ ሰው ምንቃሩን አይረሳውም። ወፍራምና ቆልመም ያለ ነው። እንደ ማጭድ ወደ ጎን እያወናጨፈ እበቱን ይገላልጥና ውስጡ ያለውን ትል ይለቅማል። ለምን ይህን ያህል ገዘፈ ለሚል ሰው መልሱ እዚያው እበቱ ላይ ያለ ይመስላል። ክርክሩ ግን በዚህ አያልቅም።

ምንቃርን የሚቀርጸው ምግብ ነው የሚሉት ዋና ምስክር አድርገው የሚጠሩት ዳፍኒ ሜጀር የተባለችውን የጋላፓጎስ ደሴት ነው። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደሴቷ ፊንች የተባሉትን ወፎች እየያዙ ምንቃራቸውን ይለኩ ነበር። በ1977 ዝናብ ቀረ። ለስላሳው ፍሬ አልቆ ጠንካራውና እሾሃማው ብቻ ቀረ። ብዙዎቹ ወፎች ሞቱ፤ ከተረፉት የሚበዙት ያንን ፍሬ መስበር የቻሉት ባለ ትልቅ ምንቃሮቹ ነበሩ። የምንቃር መጠን ስለሚወረስ ጫጩቶቻቸውም ወላጆቻቸውን መሰሉ። ከ1983ቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ደቃቃ ፍሬ በዛና ሚዛኑ ወደ ትናንሾቹ አጋደለ።

ሌላው ወገን የደቡብ አሜሪካውን ቱካን ያቀርባል። ምንቃሩ የአካሉን ርዝመት ሲሶ ያህላል፤ ፍሬ ለመልቀም ይህን ያህል ምን ያደርጋል? በ2009 ግሌን ታተርሳልና ባልደረቦቹ በሙቀት ካሜራ ሲያዩት፣ ወፉ ሲሞቀው ወደ ምንቃሩ ብዙ ደም እየላከ ሙቀቱን ያስወጣል፤ ሲበርደው የደሙን መንገድ ያጠባል። በ2010 ደግሞ ማቲው ሲሞንድስና ታተርሳል 214 ዝርያዎችን አነጻጽረው፣ በብርድ አካባቢ የሚኖሩት በአብዛኛው አጠር ያለ ምንቃር እንዳላቸው አሳዩ።

እዚህ ላይ የደጋው ቁራ ሙግቱን ያከብደዋል። ብርድ ምንቃር የሚያሳጥር ከሆነ እሱ በዚያ ውርጭ ምን ይዞ ይዞራል? የሙቀት ወገኖችም መልስ አላቸው። የተገኘው አጠቃላይ ዝንባሌ እንጂ እያንዳንዱን ዝርያ የሚያስር ሕግ አይደለም፤ ወፍም ሲበርደው ምንቃሩን ላባው ውስጥ መሸጎጥ ይችላል። መልሱ ተገቢ ነው፤ ግን ብርድ ብቻውን እንደማይወስን ማመንም ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ሁለቱም ወገኖች ብዙ አይሉም። በ2003 በታተመ ሙከራ፣ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም በምግባቸው የተጨመረላቸው የዜብራ ፊንች ወንዶች ምንቃራቸው ቀላ፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ጠነከረ፣ ሴቶቹም እነሱን መረጡ። ቅላቱ የጤንነት ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ማስረጃዎቹ ግን እኩል አይመዝኑም። የካሜራው ምስል ምንቃር ዛሬ ምን እንደሚሠራ ይነግረናል፤ የዛሬ ጥቅም ደግሞ የትናንት ምክንያት ላይሆን ይችላል። የዳፍኒው ልኬት ግን ለውጡን ራሱን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሄድ ያሳያል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ምንቃርን በዋናነት የሚቀርጸው ጉርሻ ነው፤ ሙቀትና ብርድ እስከ የት እንደሚያድግ ይከራከሩታል፤ ቀለሙን የሚቀባው ግን ብዙ ጊዜ የሴቷ ዓይን ነው።