እግረኛውስ የማን ዜጋ ነው?

በአዲስ አበባ በየቀኑ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚፈጸም መሆኑ የታወቀ ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። እንግዲህ መንገድ የሚሠራው ለሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝብ ማለት በእግሩ የሚሄደው ሰው መሆኑን ማን ይክዳል?

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተከፈቱ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ እግረኛው የሚሞተው በሌላው ቀን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግርና የቢስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡም ችሎታውም እንዳለ ከታየ በኋላ፣ በከተማው ዳር የሚኖረው ሠራተኛ በጭቃና በጨለማ ከመኪና ጋር እየተጋፋ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለድኻ አገር የሚቀድመው የመኪና መንገድ ነው» ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪና የሌለው ድኻው ነው፤ ሳሙና በገዛ ቁጥር ግን ግብር ይከፍላል። እርሱ በከፈለው ገንዘብ የተሠራው መንገድ መልሶ እርሱን ወደ ቦይ የሚገፋው ስለ ምን ነው?

ስለዚህ ከየዓመቱ የመንገድ በጀት የተወሰነ ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለእግረኛና ለቢስክሌት ይመደብ። ሥራውም እግረኛ በብዛት ከሚሞትበት ሠፈር ይጀምር። ዓይነ ስውሩ ጓደኛችን በበትሩ፣ እናቶቻችን ከነሸክማቸው ሳይሰጉ የሚያልፉበት ይሁን። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግራችን የምንመላለስ እኛ ተማሪዎች ይህን ካልጠየቅን፣ ማን ሊጠይቅልን ነው?