የነገ ዳኞችን ዛሬ ማን እያስተማረ ነው?

የሕግ መምህር የምንቀጥርበትን መንገድ ዛሬ ካላረምን፣ ዋጋውን የምንከፍለው ከአሥር ዓመት በኋላ ልደታ ችሎት ፊት ቆመን ነው። እያጋነንኩ አይደለም። ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በንግድ፣ በግድያና በሙስና መዝገቦች ላይ የሚፈርደው ዳኛ፣ ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ፣ ከተከሳሹ ጎን የሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ፣ ሁሉም የወጡት ከሕግ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያስተማራቸው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ የሰው ኃይል ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም። ቤት ያለው፣ ልጅ ያለው፣ ውል የፈረመ ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል።

ጋዜጣ ላይ ወይም በየግቢው ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን የቅጥር ማስታወቂያ አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቡት። የትምህርት መስክ፦ ሕግ። የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ደመወዝ፦ በስኬሉ መሠረት። ከፍተኛ ነጥብ ያላት ተመራቂ ታመለክታለች፤ ቃለ መጠይቅ ትገባለች፤ አጭር የማስተማር ሙከራ ታሳያለች፤ መስከረም ላይ ጠመኔ ይዛ ትቆማለች። አምና ከእሷ ጋር አንድ ካፌ ይመገቡ የነበሩ ተማሪዎችን የሥነ ሥርዓት ሕግ ታስተምራለች። ልጅቷን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ የተመረጠችው ጎበዝ ስለሆነች ነው። የሚያስደነግጠኝ ከተመረጠች በኋላ የሚሆነው ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ክፍል ውስጥ የሚያያት፣ የፈተና ጥያቄዋን የሚያርምላት፣ ፍርድ ቤት ይዟት የሚሄድ አንጋፋ መምህር የለም። አንጋፋው ሄዷል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 222 የክስ አቤቱታ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይናገራል፤ 223 አብሮ የሚቀርበውን ይዘረዝራል። ክፍል ውስጥ ሁለቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃሉ። ልደታ ላይ ግን ተከሳሹ በአንቀጽ 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይዞ ይቀርባል፤ ክሱ በይርጋ ይታገዳል ይላል፤ ከሳሽም የማስረጃ ዝርዝሩን በወጉ አላያያዘም። ዳኛው አቤቱታው ተሻሽሎ ይቅረብ ብሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። የቀን ሥራውን ትቶ የመጣው ባለጉዳይ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ከችሎት ይወጣል፤ ጠበቃውም በደንብ ሊያስረዳው አይችልም፣ ለእሱም ያስረዳው ሰው አልነበረምና። እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ቤተሰብን መሬቱን፣ ውርሱን፣ አንዳንዴም ነጻነቱን ያሳጣዋል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ አለ። ተማሪዎች ሕግ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልደታ ላይ የሚከራከሩት ግን በአማርኛ ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ሕግ ሲያነብ የኖረ ተመራቂ የመጀመሪያ አቤቱታውን ለመጻፍ ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙዎች ከፍርድ ቤቱ ደጅ ካሉት አቤቱታ ጸሐፊዎች የሚማሩት ከዩኒቨርሲቲው ከተማሩት ይበልጣል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው መምህሩ ነው። መምህሩ ራሱ አንድም መዝገብ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ግን በምን ይሞላዋል? ሕጉ ራሱም ባለበት አይቆምም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም፣ በአዋጅ ቁጥር 454 ከተደነገገበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በተከታታይ ቅጾች በአማርኛ ይታተማሉ፤ ችሎቱ የቀድሞ አቋሙን የሚለውጥበት ጊዜም አለ። የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል የሚተካ አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቷል። እነዚህን የማይከታተል መምህር ተማሪዎቹን የሚያስጠናው የተሻረ ሕግ ነው። ተማሪው ይህን የሚያውቀው ደንበኛው ከተረታ በኋላ ነው።

መምህር መመልመል ምን ማለት እንደሆነ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። የቀጠሯቸው መምህራን ሥራ ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ አልነበረም። ሮበርት ሴድለር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ ፖላንዳዊው ጆርጅ ክርዜቹኖቪች በፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ የጻፏቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም ብዙ ሳይቆይ መታተም ጀመረ። ድክመቱ ደግሞ ግልጽ ነበር። አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ አብዮቱ ሲመጣ ሄዱ፤ ወንበሮቹም ባዶ ቀሩ። በተውሶ መምህር የቆመ ትምህርት ቤት ምን እንደሚገጥመው ያኔ አይተናል። ዛሬ መምህራኑ የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ሆኖም እነሱንም እንደ ተውሶ ሰው እያስተናገድናቸው ነው። ጥቂት ዓመት ያስተምራሉ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ።

ለምን እንደሚሄዱ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ከደመወዝ ጋር ያለውን ርቀት እያንዳንዱ መምህር በኪሱ ያውቀዋል። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ በሩን ከፍቷል። ጥሩ የሚጽፍ፣ ጥሩ የሚከራከር ወጣት የሕግ ሰው የት እንደሚሄድ ከዚህ በኋላ መገመት አያቅትም። ባንኩ፣ የጥብቅና ቢሮው፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቱ ይጠሩታል። ዩኒቨርሲቲው የሚጠራው ሌሎቹ መርጠው የተዉትን ነው፤ የተሻለ ደመወዝ ትተው ለማስተማር ፍቅር የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ግን አክብሬ ለይቼ አያቸዋለሁ።

አንዳንዶች ግን ከመመረቅ በፊት የሚሰጥ የመውጫ ፈተና አለ ይላሉ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፈተና መውሰድ የጀመሩት ከሌሎቹ የትምህርት መስኮች ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ፈተናው የተማሪውን ድክመት ያሳያል፤ መምህር አይተካም። መምህሩ ልምድ ሲያጣ ደግሞ የቀድሞ ጥያቄዎችን ማስጠናት ይጀምራል፤ ክፍሉም ምርጫ የማክበብ ልምምድ ይሆናል። ምርጫ በማክበብ የተመረቀ ሰው ደግሞ ምስክር መመርመር አያውቅም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ጊዜው ግን እያለቀ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 አስተዳደሩንና ገንዘቡን ራሱ እንዲመራ አስችሎታል። የሕግ መምህራኑን ክፍያና አመራረጥ ለመለወጥ አሁን ማንን ይጠብቃል? በየክልሉ ያሉት የሕግ ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ለአንድ ዕጩ ከነጥቡ ጋር አንድ እውነተኛ መዝገብ፣ ስሞቹ ተሰርዘው፣ ሰጥተው በአማርኛ አቤቱታ እንዲጽፍና ለተማሪዎች እንዲያስረዳ ማድረግ አያቅታቸውም። የሚፈልገው ወረቀትና ሁለት ሰዓት ነው።

ልደታ፣ ቂርቆስና አራዳ ላይ ቢሮ የከፈታችሁ ጠበቆች፣ ጡረታ የወጣችሁ ዳኞች፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ክፍል ግቡ። ትምህርት ቤቱ ካልጠራችሁ እናንተ ደብዳቤ ጻፉለት። የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊዎችም እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ወላጆችና ተማሪዎች፣ ለሕግ ትምህርት ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያስተምረው ማን ነው? ፍርድ ቤት ቆሞ ያውቃል? ተማሪዎቹን ለነጻ የሕግ ድጋፍና ለተግባር ልምምድ ይዞ የሚወጣው በምን ያህል ጊዜ ነው? መልስ የማይሰጣችሁ ተቋም ገንዘባችሁንም ልጃችሁንም አይቀበል። የሚቀጥለው ዙር ቅጥር የሚካሄደው በዚህ ክረምት ነው፤ ጥያቄው መነሳት ያለበትም ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ነው።