«ግሉኮስ ስቀሉለት!»

እኛ አገር ሰው ታሞ ሲተኛ ከራስጌው ውኃ የያዘ ከረጢት ካልተንጠለጠለ ታከመ አይባልም። ጠያቂ ገና ከበሩ ሲገባ የሚያየው የበሽተኛውን ፊት ሳይሆን ብረቱን ነው። ከረጢቱ ካለ «ተመስገን፣ ግሉኮስ ተደርጎለታል» ብሎ ይቀመጣል። ከሌለ ግን ጉድ ፈላ! «ምን ዓይነት ሐኪም ቤት ነው? እንዲሁ አጋድመው ሊገድሉት ነው እንዴ?» የአክስት ልጅ ይነሳል፣ የሰፈር ሽማግሌ ይጨመራል፣ ተረኛዋ ሲስተር ትፈለጋለች። እሷስ ምን ታድርግ? አንዳንዴ ለሰላሟ ስትል ትሰቅላለች።

ስሙን ራሱ ተመልከቱት። የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናን ሁሉ «ኦሞ» እንዳልነው፣ በደም ሥር የሚገባውንም ሁሉ «ግሉኮስ» ብለነዋል። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ በዚህ አልቆጣም፤ ሕዝብ ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው። የሚያስቆጣኝ ስሙ ይዞብን የመጣው እምነት ነው። ግሉኮስ ስንል ምግብ፣ ጉልበት፣ ነፍስ የሚዘራ ነገር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ግን በሊትር 9 ግራም ጨው ያለበት ውኃ ነው። እውነተኛው ባለ ስኳር ቢሆን እንኳ፣ አምስት በመቶ የሚባለው በሊትር የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ የጠጣ ሰው ከዚያ የበለጠ አግኝቷል።

ይኼ ቀልድ ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ሴፕሲስ ባይኖር። ሴፕሲስ ማለት በተለምዶ «ደሙ ተመረዘ» የምንለው ነው፤ ኢንፌክሽን ገብቶ የሰውነት መከላከያ በራሱ አካል ላይ ሲዞር። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ሰውየው ይቃዣል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ጀምሮ ፈሳሽም ቢያዝ ተገቢ ነው፤ የደም ቧንቧዎቹ ሰፍተዋልና ግፊቱ መነሳት አለበት። ችግሩ፣ ቧንቧዎቹ ሰፍተው ብቻ አልቀሩም፤ ያፈሳሉም። የጨመርከው ውኃ በቧንቧው ውስጥ አይቆይልህም፤ ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ እግር ይሰርጋል። ጠያቂው «ፊቱ ሞላ ሞላ አለ፣ ተሽሎታል» ሲል እኮ አንዳንዴ የሚያየው እብጠት ነው!

ታዲያ ምን ያህል ነው ልኩ? ሐኪሞቹም ሲከራከሩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዲትሮይት የወጣ ጥናት ቶሎና በርከት አድርጎ መስጠትን የሚጨምር የሕክምና ሥርዓት ሞትን ቀነሰ ብሎ ዓለምን አስከተለ። «በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት» የሚለው መመሪያም ወጣ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ ሁለት ሊትር ገደማ። በ2021 ግን መመሪያው ራሱ ይህን ምክሩን ከጠንካራ ወደ ደካማ አወረደው።

ከዚያ ቀደም ብሎ የእኛው አህጉር ተናግሮ ነበር። በ2011 የታተመው የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ጥናት ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ልጆችን ተከታትሏል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተለቀቀባቸው ከ100ው ከ10 በላይ፣ ካልተለቀቀባቸው ደግሞ 7 ያህል በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። «እሱ የልጆች ነው» ላላችሁኝ፣ በ2017 የታተመው የሉሳካው ጥናት የአዋቂዎች ነው። በሥርዓቱ መሠረት ብዙ ፈሳሽ ካገኙት 48 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት 33 በመቶ ሞተዋል። አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ነበሩ፤ መተንፈሻ ማሽንም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ይኼንን ጥናቱን ለማጣጣል የሚያነሱት አሉ። ለእኔ ግን ነጥቡ እዚያ ላይ ነው። ሳንባው ውኃ ሲሞላ የሚያተርፈው ማሽን ከሌለህ፣ የምትማረው ከዲትሮይት ነው ከሉሳካ?

ባለ ማሽኖቹ አገሮች ቢሆኑስ? በ2022 ከአውሮፓ፣ በ2023 ከአሜሪካ የወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ከመጀመሪያው ፈሳሽ በኋላ እጅ ሰብሰብ ማድረግና በርከት አድርጎ መስጠት በሞት ቁጥር ልዩነት አላመጡም ብለዋል። ማብዛቱ ዕድሜ አልጨመረም ማለት ነው።

አደራ፣ ይኼን አንብቦ ተቅማጥ ያደረቀውን ልጅ ፈሳሽ የሚከለክል እንዳይነሳ! ኮሌራ፣ ተቅማጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በ1832 ስኮትላንድ ውስጥ ሊሞቱ ለደረሱ የኮሌራ ሕሙማን የጨው ውኃ በደም ሥር ሰጥቶ ከሞት አፋፍ የመለሰ ሰው ነው። እዚያ የጎደለውን ትሞላለህ፤ ሴፕሲስ ላይ ግን የሚያፈስ እንስራ ነው የያዝከው።

ክሊኒክ ከፍተው ድካም ለያዘው ሁሉ ከረጢት እየሰቀሉ የሚያስከፍሉትን ለሌላ ቀን ላቆያቸው። የእኔ ጠብ ከዚህ ልማድ ጋር ነው፤ ከረጢቱ የሰውን ዓይን ተክቷል። መስቀል ሁለት ደቂቃ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ማየት ግን ሰዓት ይበላል። በላቲን አሜሪካ በ28 ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት ሐኪሞቹን ምን አስደረጋቸው መሰላችሁ? የጣት ጫፍ አሥር ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ፣ ቀለሙ በሦስት ሰከንድ ይመለስ እንደሆነ ማየት። በዚህ የተመሩት ከላብራቶሪ ልኬቱ ቡድን ያነሰ ፈሳሽ ወሰዱ፤ ሞታቸውም አልበለጠም። ጣት መጫን ስንት ብር ያስወጣል?

እንግዲህ አስታማሚዎች፣ ከረጢቱን እናንተ አትንኩት፤ ስቀሉ ብላችሁም አትጨቅጭቁ። መጠየቅ ካማራችሁ በአልጋው ግርጌ ያለውን ወረቀት ጠይቁ። «የገባ» እና «የወጣ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይኖሩታል። የገባው በኩል ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ነው የማየው፤ ባዶ ከረጢት መቁጠር አያስቸግርማ። በሌላው በኩልስ፣ ሽንቱን የለካ አለ? ዛሬ ጠዋት ሳንባውን ያዳመጠ አለ? ይኼኛው ሊትር የታዘዘው ሰውየው ታይቶ ነው ወይስ የትናንቱ ስላለቀ?