በእጅ የተሰጠ ቃል በመዝገብ ላይ ይቆይ

ለተከበሩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
ልደታ፣ አዲስ አበባ

የተከበሩ ፕሬዚዳንት፣

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ተከሳሽ፣ የግል ተበዳይ ወይም ምስክር ሆኖ ልደታ ችሎት ሲቀርብ የሚመደብለት አስተርጓሚ እንደ በጎ አድራጎት ሳይሆን እንደ ቋንቋ መብት እንዲታይ እጠይቃለሁ። ድጋፍ ሲገኝ ይሰጣል፣ ሲጠፋ ይታለፋል፤ መብት ግን ሲታለፍ የችሎቱ ሂደት ራሱ ይበላሻል። አፋርኛ ብቻ የሚናገር ተከሳሽ ሲቀርብ የትኛውም ዳኛ በጥቅሻና በእጅ ውርወራ ሊያነጋግረው አይሞክርም፤ አስተርጓሚ እስኪመጣ ቀጠሮ ይለውጣል። መስማት የተሳነው ሰው ሲቀርብ ግን «እንደምንም እንግባባለን» የሚለው ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 340 መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ ዓይነ ስውራንንና በዘላቂ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ዓላማው ጥበቃ እንጂ መብት መንጠቅ አልነበረም። ነገር ግን አለመስማትን ከአእምሮ ሕመም ጎን አስቀመጠው። የዘመኑ ዕውቀትም ያንኑ ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ በምልክት ማስተማር ቀርቶ በንግግር ብቻ እንዲተካ በመወሰኑ፣ የብዙ አገር መስማት የተሳናቸው ልጆች ለብዙ አሠርት ዓመታት እጃቸውን እንዲያስሩ ተገድደዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በታወጀበት በዚያው 1960 እ.ኤ.አ. ዊልያም ስቶኪ የተባለው የጋላውዴት ኮሌጅ መምህር የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ውስጣዊ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ሕጉና ሳይንሱ በአንድ ዓመት ተወልደው ተላለፉ። የሚላኑን ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ በይፋ ውድቅ አድርጎታል፤ አንቀጽ 340 ግን ዛሬም የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ነው።

በአገራችን የምልክት ቋንቋው የበቀለው መስማት የተሳናቸው ልጆች በተሰበሰቡበት ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ኋላም የሆሳዕናው ተከተለ። ሚሲዮናውያን ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ ያመጡት ምልክት ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘውት ከመጡት ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሆነ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም የአማርኛ ፊደልን በጣት የሚጽፍ ሥርዓት አስፋፋ። በዚህ ሥርዓት የፊደሉን ቤት የእጅ ቅርጽ ይለየዋል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ያሳያል። ተነባቢና አናባቢ ተዋሕደው የሚጻፉበትን ፊደላችንን እንዲህ በአንድ እጅ መልሶ ማዋቀር ጥልቅ የቋንቋ ማስተዋል ይጠይቃል፤ ከጥቅሻ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንና የመስማት የተሳናቸውን ባህል በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረም ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው የለም የሚለው መልስ እንደ ድሮው አያሳምንም።

ሕጉም ይህን ጥያቄ ይደግፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ተበዳይና ምስክር በዚህ ንዑስ አንቀጽ አልተጠቀሱም የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ግን በአንቀጽ 13 ምስክሮችንም የምርመራ ደረጃንም ይጨምራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ወጪውን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከፋዩን ስለለየ ክርክሩ ያለቀ ይመስለኛል።

«መጻፍ የሚችል ከሆነ ይጻፍ» የሚለው ተቃውሞ ምክንያታዊ ይመስላል። ሰምቶት የማያውቀውን አማርኛ ከወረቀት ብቻ የተማረ ሰው ግን የሚጽፈው በሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ከ10 ዓመት እስራት በላይ ሊያስከትል በሚችል ክስ በሁለተኛ ቋንቋ መከላከል ለማንም አይመከርም። «እናቱ ወይም ወንድሙ ያስተርጉምለት» የሚለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ዘመድ የጉዳዩ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ በቤት ውስጥ የደረሰ ጥቃት ከሆነማ ጥቃት አድራሹን የሚጠብቀውም እሱ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ፍቅር የቃለ መሐላን ቦታ አይተካም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት ያልደረሰ፣ ከገጠር የመጣ፣ በቤተሰቡ መካከል በተፈጠረ ምልክት ብቻ የሚግባባ ሰው ሲቀርብ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅም ላይረዳው ይችላል። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ጥያቄውን መተው አይደለም። በሌሎች አገሮች እንደሚደረገው፣ ራሱ መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ከሰሚው አስተርጓሚ ጋር ይቆማል። ዕድሜውን በሙሉ በዓይን ሲግባባ የኖረው ሰው ሌላው ያላየውን ያያል፤ የሰውየውን ምልክት ወደ ምልክት ቋንቋ፣ ሰሚው ደግሞ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ጊዜ ይወስዳል። ለፍትሕ ሲባል ጊዜ መውሰድ ለልደታ እንግዳ አይደለም።

መዝገቡም ያሳስበኛል። በምልክት ቋንቋ «መታው» የሚለው ግስ ከማን ወደ ማን እንደሄደ የሚታወቀው እጁ በተንቀሳቀሰበት አቅጣጫ ሲሆን፣ ጥያቄና መግለጫን የሚለየው ብዙውን ጊዜ ቅንድብ ነው። ጸሐፊው የሚመዘግበው የአስተርጓሚውን አማርኛ ስለሆነ፣ አስተርጓሚው አቅጣጫውን ቢያሳስት ይግባኝ ሰሚው ስህተቱን የሚያይበት መንገድ የለውም። ራስ መነቅነቅም አለ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነቀንቁት «እየተከታተልኩ ነው» ለማለት ነው፣ በመዝገብ ላይ ግን «አዎ» ሆኖ ይሰፍራል። በአንድ ቃል መለያየት ሰው ሊፈረድበት ይችላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ፍርድ ቤትዎ ከብሔራዊ ማኅበሩና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ፣ መስማት የተሳናቸውን ጨምሮ፣ የተመዘኑና ቃለ መሐላ የፈጸሙ አስተርጓሚዎች ዝርዝር ይያዝ። በምልክት የሚሰጥ ምስክርነት ሁሉ፣ የምስክሩም የአስተርጓሚውም እጅና ፊት በሚታይበት አኳኋን፣ በቪዲዮ ተቀርጾ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። በምድብ ችሎቶችም የአንድ መስማት የተሳነው ሰው የፖሊስ ቃል በማስረጃነት ሲቀርብ፣ ዳኛው ከሌላው ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ ቃሉን ማን እንዳስተረጎመ፣ በምን ችሎታ እንዳስተረጎመ ጠይቆ መልሱን በመዝገቡ ላይ ያስፍር።

ከአክብሮት ጋር።